ለእናቶች በስልክ የሚሰጥ የጤና አገልግሎት፦ የቱ ለማን ይሆናል?

«ለነፍሰ ጡር እናቶች በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም እንጀምር» የሚል ሐሳብ በየቦታው ይነሳል። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይነሳል፣ በእርዳታ ድርጅት ይነሳል፣ ውጭ አገር ሆኖ የትውልድ ቀዬውን ጤና ጣቢያ በሚደግፍ ማኅበርም ይነሳል። ከዚያ ወሬው ወዲያው ዋጋ ውስጥ ይገባል። ቴክስት ስንት ነው? አፕ ማሠራት ስንት ይፈጃል? ታብሌት ስንት ይገዛል? ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። በዚያ አካባቢ ነፍሰ ጡሯን ከሕክምና የሚያዘገያት ምንድን ነው?

የእናቶች ጤና ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ የቆየ መነሻ አላቸው። ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን በ1994 ያቀረቡት የሦስቱ መዘግየቶች ሐሳብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው መዘግየት ቤት ውስጥ ነው። ደም እያየች «ይተወኛል» ብላ ትጠብቃለች። ባሏ ከገበያ እስኪመለስ ትቆያለች። ወይም አማቷ «እኔ ሁሉንም የወለድኩት እዚሁ ነው» ብለው ያረጋጓታል፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። መሄዱ ተወስኗል፤ አምቡላንሱ ግን ሌላ ቀበሌ ነው ያለው፣ ወይም መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ ይመጣል። ባለሙያ የለም፣ መድኃኒት አልቋል፣ ወይም ተረኛዋ አዋላጅ ነርስ እንዲህ ያለ የደም መፍሰስ ገጥሟት አያውቅም።

በስልክ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ከእነዚህ አንዱን፣ ሲበዛ ሁለቱን ለመንካት የታሰበ ነው። ለአንዱ የተሠራውን ለሌላው ስናውለው ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ላለች እናት «ጤና ተቋም ውለጂ» የሚል መልእክት በሳምንት ሁለቴ ብንልክላት የምታውቀውን ነው የምንነግራት። የቸገራት መንገዱ ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። በአፋርና በሶማሌ ክልል አርብቶ አደሩን ተከትለው በመኪና የሚዞሩት ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖች ሌላ ናቸው፤ እነሱ ባለሙያውን ራሱን ነው የሚያደርሱት። እዚህ የማነሳው መልእክትና መረጃ የሚያደርሰውን ስልክ ነው። የምታስቡለት አካባቢ ኔትወርክ የማይደርሰው፣ ሕዝቡም ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ከማየታችሁ በፊት ገንዘቡን ለእንዲህ ያለው ቡድን ስለመስጠት አስቡ።

የጽሑፍ መልእክት

አሠራሩ ቀላል ነው። እናትየው ለመጀመሪያ ክትትል ስትመጣ ስልክ ቁጥሯ፣ ቋንቋዋና የመጨረሻ የወር አበባዋ ቀን ይመዘገባል። ሲስተሙ ከዚያ ተነስቶ ሳምንቱን ይቆጥርና ለዚያ ሳምንት የሚሆነውን ይልካል። መጀመሪያ ላይ ስለ አይረን እንክብል፣ ወደ መጨረሻው ስለ ወሊድ ዝግጅት፣ ከወለደች በኋላ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ክትባት። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምክሩ ለሁሉም የሚበተን ሳይሆን እሷ ላለችበት ሳምንት የተመረጠ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን በግምት ከተሞላ ከዚያ በኋላ ያለው መልእክት ሁሉ ቀኑን ይስታል። ምዝገባውን የሚሠራው ሰው ጊዜ ወስዶ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» እያለ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ከሶፍትዌሩ በላይ ዋጋ አለው።

ለማን ይሆናል? ለምታነብ፣ የራሷ ስልክ ላላት፣ ጤና ተቋሙም ለሚቀርባት። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ላሉ ብዙ እናቶች ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። የ2019 አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያደረጉት 74 በመቶ ናቸው። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ስምንት ጊዜ ነው። አንዴ መጥተው የቀሩት ጤና ጣቢያውን ያውቁታል፣ በሩንም አይተውታል። ማስታወሻ መልእክት በደንብ ሊሠራ የሚችለው ለእነሱ ነው።

በአማርኛ ሲላክ ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ የማይገጥም ችግር አለ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ሁለትና ሦስት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሂሳቡም እንደዚያው ይበዛል። የቆዩ ቁልፍ ስልኮች ላይ ደግሞ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ አጭር መጻፍ ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

«ውድ እናት፣ በእርግዝና ወቅት የተመጣጠነ ምግብ መመገብና መደበኛ ክትትል ማድረግ ለእናትና ለጽንስ ጤንነት እጅግ ወሳኝ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ይህ ከ70 ምልክት በላይ ነው። ከዚያም በላይ ምን አድርጊ እንደሚላት አይታወቅም። በዚህ ቢተካስ?

«ነገ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ክትትልሽ ነው። የክትትል ካርድሽን ያዢ። ካልተመቸሽ ደውዪ።»

ወይም፦

«ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽ ካበጠ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

ሁለቱም በአንድ መልእክት ይገባሉ፣ ሁለቱም ተግባር አላቸው። ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መጻፍ አትርሱ። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር 9 ሰዓት ብሎ ቢልክላት ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ክትትሉ ያኔ አልቋል። ይህን ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት።

የድምፅ ጥሪ

በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። ለማታነብ እናት የጽሑፍ መልእክት ጎረቤት ልጅ ተጠርቶ የሚያነብላት ወረቀት ነው። ስለ ደም መፍሰስና ስለ ማህፀን ፈሳሽ የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ለልጁ አታሳየውም። ድምፅ እዚህ ይመጣል።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ የሕንዱ ኪልካሪ ነው። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በ2016 ነው በስፋት የጀመረው። ስልኩ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል፤ ከእርግዝናው አራተኛ ወር ጀምሮ ልጁ ዓመት እስኪሞላው 72 መልእክት ይደርሳል። የምታወራው ዶክተር አኒታ የተባለች የተፈጠረች ሐኪም ናት። ሞቅ ባለ ድምፅ፣ እንደሚያውቁት ሰው ነው የምታወራው። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው።

ውጤቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል። በማድያ ፕራዴሽ ግዛት በተደረገ ጥናት የወሊድ መከላከያ አጠቃቀም ላይ መጠነኛ ጭማሪ ታየ፣ በአብዛኞቹ ሌሎች ልማዶች ላይ ግን የጎላ ለውጥ አልተገኘም። በመንግሥት መዝገብ የተያዘው ስልክ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነበር። ትክክል በሆነበትም ስልኩ የሚውለው ባል ኪስ ውስጥ ነው። እሱ እርሻ ላይ ወይም ሥራ ቦታ ሆኖ ያነሳዋል፤ ለእሷ የተቀዳው ድምፅ እሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ከዚህ የምወስደው ድምፅ አይረባም የሚል አይደለም። ድምፅ ስትመርጡ የጥሪውን ሰዓት ማታ፣ ሰው ቤት ሲገባ አድርጉት። ያመለጠውን መልሶ ለመስማት ሚስኮል ማድረግ የሚበቃበት መንገድ ይኑር። ስልኩ የባል ከሆነም መልእክቱን ለባልየው ቅዱት። «ባለቤትህ ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ለመኪና የሚሆን ገንዘብ አስቀምጠሃል?» የሚል ጥሪ እሱ ቢያነሳውም ቦታውን ይመታል። መጀመሪያ ያነሳነው የቤት ውስጥ መዘግየት ላይ ወሳኙ ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መልስ የሚሰጥ መስመር

እስካሁን ያልናቸው የሚናገሩ እንጂ የሚሰሙ አይደሉም። ለእናቶች ብዬ ብመርጥ የምመርጠው የሚሰማውን ነው።

የደቡብ አፍሪካው ሞምኮኔክት በነሐሴ 2014 የተጀመረው በብሔራዊ ጤና መምሪያው ነው። ነፍሰ ጡሯ ክሊኒክ ውስጥ ኮከብ 134 ኮከብ 550 መሰላል ትደውላለች፤ ነርሷ አጠገቧ ሆና ትመዘግባታለች። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ተራ ስልክ ይበቃል፣ ክፍያ የለውም። መልእክቱ የተዘጋጀው በጊዜው የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ በነበሩት በ11ዱም ነው። በ2017 የተመዘገቡት ከ1.5 ሚሊዮን አልፈው ነበር፣ በዚያው ዓመት ወደ ዋትስአፕም ገባ።

ከሌሎቹ የሚለየው ግን የእርዳታ መስመሩ ነው። እናትየው መልሳ መጻፍ ትችላለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሰው ይመልስላታል። ክሊኒኩ ውስጥ መድኃኒት ካጣች ወይም ከተመናጨቀች አቤት ትላለች፤ ጥሩ ከተስተናገደችም ታመሰግናለች። ከአቤቱታው ይልቅ ምስጋናው በብዙ እጥፍ መብለጡ የጤና ባለሙያዎቹን ራሳቸውን አበረታቷል። አቤቱታው ደግሞ የት ምን እንዳለቀ ለመምሪያው ይነግረዋል። ይህ ሦስተኛውን መዘግየት ከእናትየው ስልክ ተነስቶ መንካት ነው፤ ሌላ የማውቀው ፕሮግራም እንዲህ አድርጎ አላገናኘውም።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ልጨምር። ጽንሱ የወረደባት ወይም ልጇ የሞተባት እናት ይህን አሳውቃ የሚመጣላትን መልእክት ማስቆም ትችላለች፣ በምትኩም ለሐዘኗ የሚሆን መልእክት መቀበል ትችላለች። ይህ ያልታሰበበት ፕሮግራም ልጇን ለቀበረች እናት «ልጅሽ ዛሬ ሦስት ወር ሞላው» ብሎ ይልካል። ማንኛውንም አማራጭ ስትመዝኑ አቅራቢውን ይህን ጠይቁት። መልስ ከሌለው እናቶችን አስቦ አልሠራውም።

የዛንዚባሩ ጥናት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በ2009 እና በ2010 በ24 ጤና ተቋማት 2,550 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሠራ። ግማሾቹ ተቋማት ለእናቶቻቸው የጽሑፍ መልእክት ላኩ፣ ባለሙያ ጋ መደወያ የሚሆን የአየር ሰዓትም ሰጡ። በሠለጠነ ባለሙያ እርዳታ የወለዱት ፕሮግራሙ ባለበት 60 በመቶ፣ በሌለበት 47 በመቶ ሆኑ። ጥሩ ለውጥ ነው። ግን ለውጡ የታየው በከተማ ሴቶች ላይ ነው፤ በገጠር ሴቶች ላይ የሚታይ ልዩነት አልመጣም። ያው መልእክት፣ ያው ካርድ ነበር። የገጠሯ እናት ግን መረጃው ከደረሳት በኋላም መንገዱ ይጠብቃታል።

የዚህ አማራጭ ዋጋው ሰው ነው። የምትመልሰው ነርስ ደመወዝ ያስፈልጋታል፣ ለማታም ተረኛ ያስፈልጋል። «ጥያቄ ካለሽ ጻፊልን» ብሎ ለሦስት ቀን ዝም የሚል መስመር ከመክፈት አለመክፈት ይሻላል። ደም እየፈሰሳት መልስ ስትጠብቅ መሄድ የነበረባት ሰዓት ያልፋልና።

ስልኩ በባለሙያዋ እጅ ሲሆን

ለኢትዮጵያ ገጠር የመጀመሪያው ብር የት ይዋል ብትሉኝ መልሴ እዚህ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እናትየው ስልክ ባይኖራት፣ ባታነብ፣ ኔትወርክ ባይደርሳት እንኳ የምታውቃት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከ2003 ጀምሮ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። ቤት ለቤት ትዞራለች። ማን እንዳረገዘች ከማንም በፊት የምትሰማው እሷ ናት። ስልኩን ወይም ታብሌቱን ለእሷ መስጠት ማለት ቴክኖሎጂውን ቀድሞ ያለ እምነት ላይ መጨመር ነው።

ጤና ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የሚለው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ድሮ በወረቀት የነበረው የቤተሰብ ፎልደር ታብሌት ላይ ገብቷል። ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯን ትመዘግባለች፤ ክትትል የቀረባትን ታብሌቱ ያስታውሳታል። ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ፈተናው ቻርጅ ነው፣ የተሰበረ ታብሌት ነው፣ ወረቀቱንም ታብሌቱንም በአንድ ላይ ሙዪ መባል ነው። ይህን ሸክም ሳታዩ ሌላ አዲስ አፕ ይዛችሁ አትሂዱባት።

ሩዋንዳ ቀድማ ሄዳለች። ራፒድኤስኤምኤስ የተባለው በ2009 በሙሳንዜ ወረዳ ተሞከረ፣ ከዚያም በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። የመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ በተራ ስልክ አጭር ኮድ ትልካለች። ያረገዘች አለች፣ ወልዳለች፣ አደጋ ላይ ናት። የአደጋው ምልክት ሲገባ ጤና ተቋሙ ይነቃል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ሁለተኛው መዘግየት ላይ በቀጥታ የሚሠራ ነው።

በሩዋንዳ የታየው ውጤት ይህን ሁሉ ንጽጽር ይቋጥረዋል። ቴክስቱ ብቻ በገባባቸው ወረዳዎች የታየው ለውጥ ትንሽ ነበር። ከቴክስቱ ጋር ተጨማሪ ሥልጠና፣ ክትትልና ቁሳቁስ ባገኙት ወረዳዎች ግን አገልግሎቱን የሚጠቀሙ እናቶች በግልጽ ጨመሩ። ስልኩ ያው ነው፤ የተለየው ከስልኩ ጀርባ ያለው ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ላይ ከሆናችሁ፣ ማለትም እናቶች ይመጣሉ ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ይሞታሉ ካላችሁ፣ ለእናቶች የሚላክ ምንም ነገር አይበጅም። መሣሪያው ለአዋላጇ ነው መሆን ያለበት። በዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የተሠራው ሴፍ ዴሊቨሪ አፕ ለዚህ የታሰበ ነው። አጫጭር አኒሜሽን ቪዲዮ ያሳያል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም፣ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጥናቱ የተሠራው እዚሁ ምዕራብ ወለጋ ነው። የባለሙያዎቹ እውቀትና ክህሎት በግልጽ ተሻሻለ። የሕፃናት ሞት ላይ የታየው መቀነስ ግን በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ አልነበረም። አፑ እጅን ያሠለጥናል፣ ደም ባንክና ኦክሲጅን ግን ሌላ በጀት ይፈልጋሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት

ስልኩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሴት እርግዝናዋን በመጀመሪያዎቹ ወራት አትናገርም፣ ለአማቷም ለጎረቤትም። ቤተሰቡ በሚጋራው ስልክ ላይ «የእርግዝናሽ 9ኛ ሳምንት» የሚል መልእክት ቢመጣ ገመናዋን አወጣንባት ማለት ነው። የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያለች ከሆነማ የባሰ ነው። ስለዚህ ስትመዘገብ «ስልኩን ሌላ ሰው ያያል?» ተብላ ትጠየቅ፤ መልሷ አዎ ከሆነ ቀጠሮ ብቻ የሚያስታውስ፣ ስለ ምን እንደሆነ የማይናገር መልእክት ይላክላት።

ቋንቋውንም እንደዚሁ። አሜሪካ በ2010 የጀመረችው ቴክስት ፎር ቤቢ ነፃ ነበር፣ በሳምንት ሦስት መልእክት ይልክ ነበር፣ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ለዲሲና ለአካባቢዋ ሐበሻ እናት አማርኛ አልነበረውም። እኛም አማርኛ ብቻ አድርገን ለአፋን ኦሮሞ ወይም ለሲዳምኛ ተናጋሪ ከላክን ያንኑ እያደረግን ነው።

እንግዲህ በአጭሩ እንዲህ እመክራለሁ። ከተማ ከሆነ፣ እናቶችም አንዴ መጥተው ይቀሩ ከሆነ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ ይበቃል፤ ርካሽም ነው። ከተማ ሆኖ ጤና ጣቢያው ሰው መመደብ ከቻለ መልስ የሚሰጠው መስመር ይሻላል። ገጠር ከሆነ ባለሙያዋን አስቀድሙ፤ በዚያው ገንዘብ የአምቡላንስ ነዳጅና ሹፌሩ የሚደወልበት ስልክ መኖሩን አረጋግጡ። የሩቅ ቀበሌ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካለ፣ የሚላከው መልእክት ወደዚያ የሚጠራ ይሁን። ማቆያው ምግብና ማገዶ ከሌለው መልእክቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጤፉና ሽሮው ይግባ።

የቴሌግራም ግሩፖችም አሉ። ለመጽናናት፣ ብቻዬን አይደለሁም ለማለት ጥሩ ናቸው። ለመድኃኒት ምክር ግን አይሆኑም። ግሩፑን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መኖሩን ሳታውቂ እዚያ የተጻፈ የመድኃኒት ስም ይዘሽ ፋርማሲ አትሂጂ።

አንቺ ራስሽ ነፍሰ ጡር ከሆንሽና በአካባቢሽ ምንም ፕሮግራም ከሌለ፣ በሚቀጥለው ክትትልሽ ሦስት ቁጥር ጠይቂ፦ የአዋላጇን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የወረዳውን አምቡላንስ። በስልክሽ መዝግቢያቸው፤ በባልሽ ስልክ ላይም ይመዝገቡ፤ በወረቀት ተጽፈውም ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። የአምቡላንሱን ቁጥር አንዴ ደውለሽ እንደሚነሳ አረጋግጪ፣ ካልተነሳ ለጤና ጣቢያው አሁኑኑ ንገሪ።